ስምንት አንቴና ያለው ራውተር ላግ ያጠፋል?

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «ቤታችን አያት ነው፣ ጂ+1። ፋይበር አስገብተናል፣ 25 ሜጋ። ሞደሙ ታች ሳሎን ቴሌቪዥኑ ጋ ነው ያለው። የኔ ክፍል ፎቅ ላይ ነው፣ በጀርባ በኩል። ዋይፋዩ እዛ ሲደርስ አንድ መስመር ብቻ ያሳያል። ኮምፒውተር ላይ ዶታ፣ ስልክ ላይ ፐብጂ እጫወታለሁ። በተለይ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ላጉ አያጫውትም። ስምንት አንቴና ያለው የጌሚንግ ራውተር አይቻለሁ፣ ዋጋው ከበድ ይላል፣ ግን ቤቱን በሙሉ ይሸፍናል ተብያለሁ። ልግዛው? ወይስ አሜሪካ ያለችው አክስቴ ትላክልኝ?»

አትግዛው። ጥያቄህ ውስጥ ሁለት ችግር ተደባልቋል። አንዱ ሲግናሉ ክፍልህ አለመድረሱ ነው። ሌላው ማታ ማታ የሚመጣው ላግ፣ የጌሙ መዘግየት፣ ነው። ይነካካሉ እንጂ አንድ አይደሉም፣ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ሲግናሉ ተስተካክሎ ላጉ እንዳለ ሊቀር ይችላል። ብዙ ሰው ብሩን ካወጣ በኋላ የሚናደደው እዚች ጋ ነው።

መጀመሪያ የፍጥነቱን ነገር እንጨርሰው። 25 ሜጋ፣ ማለትም በሰከንድ 25 ሜጋ ቢት፣ ለጌም ከበቂ በላይ ነው። ስትጫወት የሚመላለሰው ዳታ ትንሽ ነው፤ የት እንደቆምክ፣ ወዴት እንደተኮስክ፣ በቃ። አብዛኛው ጌም አንድ ሜጋ እንኳ አይሞላም። ፍጥነት የሚያስፈልግህ ጌሙን ስታወርድ ነው። 100 ጊጋ ባይት የሆነ ጌም በ25 ሜጋ 9 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ በ100 ሜጋ ደግሞ ከ2 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ስትጫወት ግን ወሳኙ ዳታው በስንት ሚሊ ሰከንድ ደርሶ ይመለሳል የሚለው ነው፤ ፒንግ የምንለው ማለት ነው። ከፒንጉ ቁጥርም በላይ አለመዋዠቁ ይበልጣል። 110 ላይ የቆመ ፒንግ እጅህ ይለምደዋል። 70 የነበረው ድንገት 400 ገብቶ ሲመለስ ግን የትኛውም ተጫዋች አይችለውም።

ከፒንጉ ውስጥ ደግሞ የትኛውም ራውተር ሊነካው የማይችል ድርሻ አለ፣ እሱም ጌሙን እስከሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ሰርቨር እስከሚባለው፣ ድረስ ያለው ርቀት ነው። ብርሃን ፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ በየ100 ኪሎ ሜትሩ ደርሶ ለመመለስ 1 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ከአዲስ አበባ ዱባይ በቀጥታ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ስለዚህ ከ25 በታች ፒንግ የሚባል ነገር የለም። ፍራንክፈርት ከ5,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከ53 በታች አይሆንም። ይሄ መሬቱ ሜዳ፣ ኬብሉም ቀጥ ያለ ቢሆን ነው። እኛ ደግሞ የባሕር በር ስለሌለን ከባሕር ስር ኬብሎቹ ጋር የምንገናኘው በጎረቤት አገር በኩል ዞረን ነው፣ በጅቡቲም በኬንያም። ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ከፍ ይላል። ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስል ሰርቨርም በኬብል ሩቅ ሊሆን ይችላል። ዶታ ላይ ዱባይን፣ ደቡብ አፍሪካንና አውሮፓን እየቀያየርክ ሞክር። ዝቅ ያለውን ሳይሆን ረጋ ያለውን ምረጥ። ይሄ ምንም ብር አያስወጣህም።

አሁን ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ እንለይ። ይሄን ሳታደርግ ምንም ነገር አትግዛ። ኮምፒውተርህን ክፍልህ ውስጥ አድርገህ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕት) ሁለት ጊዜ ክፈት። በአንደኛው ሞደሙን ራሱን ፒንግ አድርግ፤ አድራሻው ጀርባው ላይ ተለጥፏል፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ነው። በሁለተኛው የጎግልን 8.8.8.8 ፒንግ አድርግ። ሁለቱም ሳይቆሙ ይሂዱ (ዊንዶውስ ላይ ከአድራሻው በፊት ping -t ብለህ ጻፍ)። ከዛ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እንደተለመደው ተጫወት፣ ላግ ሲመጣ ወዲያው ዞር ብለህ ቁጥሮቹን እይ።

የሞደሙ ፒንግ ጤነኛ ሲሆን ከ5 ሚሊ ሰከንድ በታች ነው። እሱ ራሱ እየዘለለ 80፣ 200 የሚል ከሆነ ዳታህ ገና ከቤት ሳይወጣ ነው የተሰናከለው። ችግሩ ዋይፋዩ ነው። የሞደሙ ረግቶ የጎግሉ ብቻ የሚዘል ከሆነ ደግሞ ዋይፋዩን ተወው። ወይ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው መስመሩን ሞልቶታል፣ ወይ ከቤትህ ውጪ መንገዱ ተጨናንቋል። ለመለየት የቤተሰቡን ስልኮች በሙሉ ለ5 ደቂቃ ከዋይፋይ አስወጣ። ከረጋ፣ የራሳችሁ መጨናነቅ ነው። ካልረጋ፣ የኢንተርኔት አቅራቢው ጉዳይ ነው፣ ያንን የትኛውም ራውተር አይፈታውም። ሁለቱም ቁጥር ረግቶ ጌሙ ውስጥ ብቻ ፒንጉ ከፍ ካለ፣ የሰርቨር ርቀት ነው።

ካለኝ ልምድ አንተ ጋ ሁለቱም፣ ዋይፋዩም የቤት ውስጥ መጨናነቁም፣ አሉ ብዬ ነው የምገምተው። አንዱን መስመር አይቼ ዋይፋዩን፣ ማታ ሁለት ሰዓት ማለትህን አይቼ መጨናነቁን።

ከዋይፋዩ እንጀምር። የኛ ቤት አሠራር ለዋይፋይ ከባድ ነው። በታችና በላይ መካከል ያለው ሶሌታ ብረት የታሰረበት ኮንክሪት ነው። ሞደምህ ታች ከፊት፣ ክፍልህ ላይ ከኋላ ከሆነ ሲግናሉ ሶሌታውን በሰያፍ ነው የሚያቋርጠው፣ ያ ማለት በውስጡ ረጅሙን መንገድ ይሄዳል። ብሎኬት ግድግዳ ከዛ ይሻላል። ቆርቆሮ ግን ጨርሶ አያሳልፍም፣ ሲግናሉን መልሶ ያንጸባርቀዋል። ትልቅ መስታወት፣ ፍሪጅ፣ ውኃ የሞላ ሮቶ፣ ሁሉም እንቅፋት ናቸው። ሌላም አለ። ቤት ለቤት ስሄድ አዘውትሬ የማየው ሞደሙ ቡፌው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተደብቆ፣ ላዩ ላይ ዳንቴል ተደርጎበት ነው። ዳንቴሉ ለሲግናሉ ምንም አይደለም። ሙቀቱን ግን ያፍነዋል፣ የጋለ ሞደም ደግሞ ራሱን ያጠፋል ወይም ይንቀራፈፋል። ከጀርባው ያለው የቴሌቪዥን ብረት ደግሞ ሲግናሉን ይመታል። የፋይበሩን ቀጭን ገመድ ሳታጥፍና ሳትጎትት፣ በቻለህ መጠን ሞደሙን ከቴሌቪዥኑ አውጥተህ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጠው። እናትህን አስፈቅደህ ዳንቴሉን አንሳ። ፋይበሩ ከታጠፈ ግን ብርጭቆ ነው፣ ይሰበራል፣ ቴክኒሻን ትጠብቃለህ።

ስምንት አንቴና ለምን አይፈታውም? ዋይፋይ የሁለት ወገን ንግግር ስለሆነ። ራውተሩ ስልክህን እንደሚያናግረው ስልክህም ራውተሩን ማናገር አለበት። ራውተሩ የቱን ያህል ጮክ ብሎ ቢጣራ ስልክህ የሚመልስበት ድምፅ ያው ደካማ ነው፤ በትንሽ ባትሪ፣ በትንሽ አንቴና። ለዚህ ነው ሲግናሉ ሙሉ እያሳየ ጌሙ የሚንቀረፈፈው። በዛ ላይ የራውተር ጉልበት በሕግ የተገደበ ነው፣ ውዱም ርካሹም ከዛ ጣሪያ በታች ነው የሚሠሩት። የአንቴና መብዛት ጥቅም አለው፣ ብዙ ዕቃ በአንዴ ለማስተናገድና ፍጥነት ለመጨመር። ሶሌታ ለመብሳት ግን አይደለም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥርም አያታልልህ። 1200 የሚለው የ2.4 ጊጋኸርዙን 300 እና የ5 ጊጋኸርዙን 867 ደምረው ከፍ አድርገው ያስጠጉት ነው። አንድ ዕቃ በአንድ ጊዜ ሁለቱን ደምሮ አይጠቀምም።

ዋይፋይ ስለሚሠራባቸው ሁለት የሬዲዮ ሞገድ ባንዶችም ልንገርህ። 2.4 ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም የተሻለ ያልፋል፣ ግን ጠባብ ነው፤ የማይነካኩት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፣ 1፣ 6 እና 11። ጎረቤት ሁሉ እዛ ላይ ነው። ማይክሮዌቭም ብሉቱዝም እዛው ናቸው። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ከሆነ በ2.4 ጌም ለመጫወት ባይሞክር ይሻለዋል። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊና ጸጥ ያለ ነው፣ ግን ግድግዳ ይፈራል። ለጌም የምትፈልገው 5ቱን ነው፣ እሱን ለማግኘት ደግሞ ራውተሩ አንተ ያለህበት ክፍል ወይም የጎን ክፍል መሆን አለበት። ጉልበት ያለው ራውተር ከሩቅ ከማምጣት መካከለኛ ራውተር አጠገብህ ማድረግ ይበልጣል።

ሱቅ ስትሄድ «ሪፒተር ሰካ፣ ይበቃሃል» ይሉሃል። ለፌስቡክ ይበቃል፣ ለጌም አይሆንም። ሪፒተር የሰማውን መልሶ ነው የሚናገረው፣ ያንኑ አየር ሁለት ጊዜ ስለሚይዝ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ፒንጉም ይዋዥቃል። አንድ መስመር የሚደርስበት ቦታ ከሰካኸው ደግሞ ያቺኑ የደከመች መስመር ነው የሚያባዛልህ። ሜሽ የሚባሉት ባለሁለትና ባለሦስት ፍሬ ስብስቦች ከዛ ይሻላሉ። ነገር ግን በመካከላቸው በአየር ከተገናኙ ያው ሶሌታ ይጠብቃቸዋል። በኬብል ከተገናኙ በጣም ጥሩ ናቸው። በመብራት መስመር ኢንተርኔት የሚያስተላልፉ መሰኪያዎችም አሉ፤ የቤቱ ሽቦ ሁኔታ ስለሚወስናቸው ለጌም አልመክርም።

እንግዲህ ወደ ኬብሉ መጣን። ከታች ሞደሙ እስከ ክፍልህ አንድ ካት 6 የኔትወርክ ኬብል ዘርጋ። እስከ 100 ሜትር ድረስ ችግር የለበትም፣ አንተ 20 ወይም 25 ሜትር ቢበቃህ ነው። ዲሽ ካላችሁ የዲሹ ኬብል ከጣሪያ ወደ ሳሎን የወረደበትን መንገድ ተከተል፣ ግድግዳ ሳትበሳ ትጨርሳለህ። በውጪ የሚሄድ ከሆነ ለውጪ የተሠራውን ጥቁሩን ግዛ፣ የውስጡን ፀሐይ ትበላዋለች። ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ አታስገባው። ኬብል ስትገዛ ደግሞ ጫፉን ቆርጠህ ሽቦውን በምላጭ ፋቅ አድርገው። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ተወው፤ ቶሎ ይሰበራል፣ ግንኙነቱም ይቆራረጣል። እስከ ውስጡ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ኮምፒውተርህ በዚህ ኬብል በሰካህበት ቀን ወደ ሞደሙ ያለው ፒንግ 1 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይሆናል፣ እዛው ይቆማል። የትኛውም ዋይፋይ ይሄን አይሰጥህም።

ሁለተኛው በሽታ፣ የማታው። አንድ ቤት የገጠመኝን ልንገርህ። ልጁ ራውተሩ ተበላሽቷል ብሎ ጠራኝ። ከሰዓት በኋላ ደረስኩ፣ ምንም የለም፣ ፒንጉ 70፣ 71፣ 70። ሻይ እየጠጣን እስኪመሽ ጠበቅን። ሁለት ሰዓት ከሃያ አካባቢ እህቱ ከሥራ ገባች፣ ሰላም አለችን፣ ቦርሳዋን አስቀመጠች። እኔ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር። 74። 180። 310። 460። ስልኳ ዋይፋይ ሲያገኝ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ በራሱ ወደ ክላውድ መጫን ጀምሮ ነው። ዋይፋዩን አጥፊልኝ አልኳት። 72። ልጁ ለወራት ሲረግመው የነበረው ራውተር ምንም አላደረገም ነበር።

የሆነው ይሄ ነው። ዳቦ ቤት አንድ ዳቦ ልትገዛ ተሰለፍክ፣ ፊትህ ለሠርግ 200 ዳቦ የሚገዛ ሰው አለ። ያንተ አንድ ዳቦ የሱን ሁለት መቶ ትጠብቃለች። ወደ ላይ የሚጫንበት መስመር 5 ሜጋ ነው እንበል። አንድ ፓኬት፣ ማለትም አንድ ቁራጭ ዳታ፣ እዛ ላይ ለማለፍ 2.4 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ሞደሙ 200 ፓኬት ካሰለፈ፣ ያንተ «ተኩስ» የምትል ትንሽ ፓኬት ግማሽ ሰከንድ ያህል ትቆማለች። አንተ ሞተሃል። ፍጥነት ማሳደግ ሰልፉን ያሳጥረዋል እንጂ አያጠፋውም። መድኃኒቱ ሰልፉን የሚያስተናግድ ራውተር ነው፤ ለሁሉም ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ እየሰጠ፣ አንድ ዳቦ የሚፈልገውን የሚያሳልፍ። ባለሙያዎች ኤስኪውኤም ይሉታል፣ ከዘዴዎቹ በጣም ጥሩው ኬክ የሚባለው ነው። ማይክሮቲክ የሚባለው የራውተር ዓይነት ከሶፍትዌሩ 7ኛ ትውልድ ጀምሮ ኬክ አለው። ኦፕን ደብሊውአርቲ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር የሚቀበሉ ራውተሮችም እንዲሁ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የመስመርህን ፍጥነት በኬብል ለካ፣ ከዛ ከ85 እስከ 90 በመቶውን ጣሪያ አድርገህ አስገባ። 25 ከሆነ 22 ገደማ ማለት ነው። ወደ ላይ ለሚጫነውም እንደዛው። 3 ሜጋ መስዋዕት አድርገህ የረጋ ፒንግ ታገኛለህ። ካርቶን ላይ «ጌም ሞድ» ተብሎ ከተጻፈው ብዙው የፍጥነት ጣሪያ የማታስገባበት ከሆነ ብዙም አይጠቅምህም። ወደ ዱባይ የሚሄደውን ኬብል እንደሆነ የሚያሳጥር የለም።

አንድ ነገር ልብ በል። ይሄ ሥርዓት የሚሠራው የቤቱ ዳታ በሙሉ በዛ ራውተር በኩል ካለፈ ብቻ ነው። አንተ አዲሱን ክፍልህ ውስጥ አድርገህ እህትህ የታችኛውን ሞደም ዋይፋይ ከተጠቀመች ሰልፉ የሚፈጠረው ከራውተርህ ውጪ ነው፣ ምንም አያድንህም።

ስለዚህ ምክሬ እንዲህ ነው። ለባለስምንት አንቴናው ባሰብከው ብር ሁለት መካከለኛ ራውተር ፈልግ፣ ዋይፋይ 6 የሆኑ፣ የኬብል መሰኪያቸው (ፖርታቸው) ጊጋቢት የሆነ። አንዱ፣ ሰልፍ ማስተናገድ የሚችለው፣ ታች ሞደሙ አጠገብ ይቀመጥ፣ የሞደሙ የራሱ ዋይፋይ ይጥፋ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ በኬብሉ ጫፍ፣ በአክሰስ ፖይንት ሞድ፣ ማለትም ዋይፋይ ብቻ እያሰራጨ። ኮምፒውተርህ በሁለተኛው ላይ በኬብል ይሰካ። ስልክህ በዛው ክፍል 5 ጊጋኸርዝ ያገኛል። የሁለቱንም ስምና ፓስወርድ አንድ አድርገው። 2.4ቱን ታች 1፣ ላይ 6 ወይም 11 አድርግ። 5ቱን ታች 36፣ ላይ 44፣ የቻናሉን ስፋት 40 ሜጋኸርዝ አድርገው፤ ለ25 ሜጋ መስመር ይተርፋል። ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ከራዳር ጋር የሚጋሩት ናቸው፣ ራውተሩ ራዳር የሰማ ከመሰለው ቻናሉን ለቆ ይወጣል፣ አንተም ትቋረጣለህ። ዋይፋይ 7 ላንተ ገና ነው፤ ስልክህና ኮምፒውተርህ ካልደገፉት ጥቅሙን አታየውም።

ሁለቱን በአንዴ ካልቻልክ ከኬብሉ ጀምር። ቤት ውስጥ የተጣለ አሮጌ ራውተር ካለ እንኳ ይሠራል፦ አድራሻ ማደያውን፣ ዲኤችሲፒ የሚባለውን፣ አጥፋ፤ የራሱን አድራሻ ከሞደሙ የተለየ አድርግ፤ ኬብሉን ዋን (WAN) የተባለው ቀዳዳ ላይ ሳይሆን ከላን (LAN) ቀዳዳዎቹ አንዱ ላይ ሰካ። እስከዛ ድረስ የቤተሰቡ ስልኮች ፎቶ የሚጭኑት ሌሊት እንዲሆን አድርግ።

አዲሱን ራውተር ከሞደሙ ጋር ስታገናኝ ሞደሙ በብሪጅ፣ ማለትም ዳታውን ዝም ብሎ ለራውተሩ እያሳለፈ፣ እንዲሠራ አቅራቢውን ጠይቅ። ካልሆነ ራውተሩን የሞደሙ ዲኤምዜድ ውስጥ (ከውጪ የሚመጣው ወደ ራውተሩ የሚላክበት ማስተካከያ) አስገባው፤ አለበለዚያ አንዳንድ ጌም ላይ ናትህ (የቤቱን አድራሻ የሚቀይረው አሠራር) ጥብቅ ነው ይልሃል፣ ከጓደኛ ጋር የድምፅ ግንኙነት እምቢ ይላል።

የአክስትህን ነገር በተመለከተ፣ ትላክልህ ግን ዝም ብለህ አትቀበል። እዛ ከኢንተርኔት ድርጅት የሚሰጡት ሞደሞች ብዙዎቹ ለኬብል ቴሌቪዥን መስመር የተሠሩ ናቸው፣ ለእኛ ፋይበር አይሆኑም። ራውተር ብቻ የሆነውን ትግዛ። የቻርጀሩን ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ትላክልህ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ሰላም ነው። 120 ብቻ ካለ ግድግዳህ ላይ እንደሰካኸው ይቃጠላል።

መብራትን አትርሳ። ባለ12 ቮልቱ ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ፣ ለሞደምና ለራውተር በቂ ነው። የሁለቱንም ቻርጀር ቮልትና አምፔር ሳታይ አትግዛ፤ ሞደሙ 12 ቮልት ሆኖ ራውተሩ 9 ከሆነ በአንድ መስመር አይሄዱም። 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚለው ዩፒኤስ 37 ዋት ሰዓት አካባቢ ይይዛል። ሁለቱ ተደምረው 20 ዋት ከወሰዱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የሚያቆዩህ። ክረምት ላይ መብረቅ ሲበዛ በውጪ የዘረጋኸውን ኬብል ከሁለቱም ጫፍ ንቀል።

ሁሉንም ከጨረስክ በኋላ ያንኑ ሙከራ በዛው ሰዓት፣ ቤተሰቡ ሁሉ ቤት እያለ ድገመው። የራውተሩ ፒንግ 1 ላይ ቆሞ፣ ጣሪያውም ገብቶ፣ የጎግሉ አሁንም ከዘለለ፣ የሦስት ማታ ቁጥር ከነሰዓቱ ጻፍና ለአቅራቢው ይዘህ ሂድ። «ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው» ከማለት «ማታ ሁለት ተኩል ላይ በኬብል ከ70 ወደ 300 ይሄዳል» ብትል ቴክኒሻኑ ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል።